በምሕረት ላይ የቀረበ ይግባኝ

መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሐሙስ

ጠዋት ፀጉሬን ለመስተካከል ፈንታ ዘንድ ሄድኩ። ፀጉር ስል... ከጆሮዬ በላይ የቀረውን ማለቴ ነው። ወጣቶች ወረፋ ይጠብቁ ነበር። ፈንታ ገና ሲያየኝ ወንበሩን በፎጣ አራግፎ፣ «ተነሡ እናንተ! ጋሽ ኤልሳዕ የአገር ምስጢር የያዙ ሰው ናቸው» አለ። ተነሡ። አንደኛውማ እጅ ነሣ።

«ፈንታ፣ ስንት ጊዜ ልንገርህ? ሰላይ አልነበርኩም። ጋዜጠኛ ነበርኩ።»

«አውቃለሁ ጋሼ» አለና በመስተዋቱ ውስጥ ጠቀሰኝ። ጠቀሰኝ!

ዕድሜዬን በሬዲዮ ስሠራ ወንበር የለቀቀልኝ ሰው አልነበረም። ድንበር ማዶ ታስሬ ከተመለስኩ ወዲህ ግን አሶሳ ውስጥ ቆሜ የዋልኩበት ቦታ የለም። ሻይ ቤት ስገባ ወሬ ይቆማል። ደስ አይልም? አይልም። ላልሠራሁት ሥራ መከበር፣ የሌላ ሰው ካፖርት ለብሶ እንደ መሄድ ነው። ይሞቃል፤ ግን ባለቤቱ መቼ ይጠራኛል ብሎ መሳቀቅ አለ።

ነገሩን በቅጡ ጽፌው አላውቅም። ዛሬ ልጻፈው።

በ2014 ኅዳር ላይ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ የድሮ ባልደረቦቼ ስለ ማንጎ ነጋዴዎች አንድ ዝግጅት ሥራልን ቢሉኝ ደስ ብሎኝ ድንበር ተሻግሬ ወደ ማዶ ገበያ ሄድኩ። የሬዲዮ ሰው ወግ አለው፤ ሰው ከማነጋገሩ በፊት ቦታው ለብቻው የሚያሰማውን ይቀዳል። ማንም ሳይናገር። ነፋሱን፣ ቅጠሉን፣ ዝምታውን። ኋላ ቃለ ምልልሱ ሲቆራረጥ ቀዳዳው የሚደፈነው በዚያ ነው። ከጫጫታው ራቅ ብዬ፣ አንድ ረዥም ግንብ ሥር ቆሜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ዝምታ ቀዳሁ። ግንቡ ለካ የጦር መሣሪያ መጋዘን ኖሯል...

የያዘኝ፣ ኋላም የታሰርኩበትን እስር ቤት ያዘዘው መኮንን ሻለቃ ኑረዳይም ይባላል። ቅጂውን እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ፣ «ወሬ የሚቀዳ ጋዜጠኛ ነው፤ ዝምታ የሚቀዳ ግን ሰላይ ነው» አለ። እውነቱን ለመናገር፣ አረፍተ ነገሩ ጥሩ ነበር። የኔ በሆነ ብዬ ተመኘሁ።

ተፈረደብኝ። ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በአንድ በዓላቸው ዋዜማ፣ በምሕረት ተፈታህ አሉኝ። ምሕረት! ምን አድርጌ? ብዙም ሳይቆይ አገራቸው በጦርነት ታመሰ፤ የኔን ነገር የሚያስታውስ ጠፋ።

እኔ ማዶ ሳለሁ እኅቴ ታየች ባምባሲ ላይ ሞተች። ያሳደገችኝ እሷ ናት። ባለቤቴ ለተማርያም ልትጠይቃት ሄዳ የሰማችው የመጨረሻ ቃል ይህ ነው፦ «ኤልሳዕ ሰላይ ነው አሉ። አይገርመኝም። ልጅ ሳለም በር ሥር ቆሞ ያዳምጥ ነበር።»

ሰላይ ነው ብላ አምና ሞተች።

ስለዚህ ምሕረቱን አልቀበልም። ፍርዱ ይሻርልኝ። ሌላ የምፈልገው ነገር የለም።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

ወይዘሪት ሐኒ ዘንድ ዋልኩ። ዩኒቨርሲቲ ሕግ ታስተምራለች፤ ለደካማ ነፃ የሕግ ምክር ትሰጣለች። ደካማ የተባልኩት እኔ ነኝ። ከአዲስ አበባ ተመድባ ከመጣች ገና ዓመቷ ነው፤ ማንጎ መንገድ ላይ ወድቆ ሰው ረግጦት ሲያልፍ ስታይ እስካሁን ድረስ ታዝናለች።

«ጋሽ ኤልሳዕ፣ ከማዶ መልስ መጥቷል። ፍርድ ቤቱ ተቃጥሏል።»

«መዝገቤስ?»

«አብሮ።»

«ዳኛውስ?»

«የት እንደገቡ አይታወቅም።»

«ታዲያ ይግባኜን ለማን ነው የማስገባው?»

እስክሪብቶዋን ነከሰች። «አንድ ደኅና ነገር አለ ጋሼ። መዝገብ ከሌለ ጥፋተኛ የተባሉበት ማስረጃም የለም። በተግባር ነፃ ነዎት።»

«ወይዘሪት ሐኒ፣ ነፃ ነህ ያለኝ የለም። እኔ የተቃጠለ ወንጀለኛ ነኝ።»

ሳቀች። ወዲያው አፏን ይዛ ይቅርታ ጠየቀች። በይቅርታዋም ላይ ይግባኝ እንዳልል የፈራች መሰለኝ። ከዚያ ቁም ነገር ተናገረች፤ ጉዳዩን ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ቢመሰክር፣ ነገ ፍርድ ቤቱ ሲቆም መነሻ ይሆናል አለች። «ያሰረዎት ሰው ራሱ ቢሆንማ...»

እሱን ከየት አመጣዋለሁ?

ቤት ስገባ ለተማርያም፣ «ምን አሉህ?»

«ፍርድ ቤቱ ተቃጥሏል።»

«እሰይ!»

«የምን እሰይ ነው?»

«አንተን ያሰረ ቤት ይቃጠላ!»

የሕግ ሰው ይህን አይለውም። እኔ ግን ለትንሽ ጊዜ ደስ አለኝ።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

ገበያ። እኛ በዐቢይ ጾም፣ እነሱ በረመዳን፤ ከተማው በሙሉ ደረቅ ከንፈር ሆኗል። ማንጎ የምትሸጠው ብኸይታ ግን አፏ ቢደርቅም ምላሷ አልደረቀም። እንደ ማዶ ሰው፣ የተማረን ሁሉ ኡስታዝ ትላለች።

«ኡስታዝ፣ ና ቅረብ። ያ አንተን ያሰረ ሰውዬ ጾሬ አለ።»

«የቱ ሰውዬ?»

«ሻለቃ ነዋ። ኑረዳይም። ካምፕ ውስጥ ስደተኛ ነው። ማንጎ ይዤ ስሄድ አየሁ። ሻይ ይሸጣል።»

«ሻለቃ ሻይ አይሸጥም።»

«ይሸጣል አልኩህ! ከጾሙ በፊት ጠጣሁ እኮ። ጥሩ ነው ሻዩ። ቅርንፉድ ብዙ ያደርጋል።»

ማዶ ሻይ አፍልቶ መሸጥ የሴት ሥራ ነው። የካምፑ ሴቶች ይስቁበታል አለች። አንዷማ ምጣድ እንዳትረሳ ብላዋለች አሉ።

ጾሬ! አፍንጫዬ ሥር። ስሙን ይዤ ስንት ቢሮ ስዞር፣ ሰውዬው በሚኒባስ አንድ እርምጃ ላይ ስኳር ይለካል...

ደስ አለኝ ወይ? ትንሽ። እጽፈዋለሁ፤ ማንም አያነበው።

መጋቢት 15፣ ሰኞ

ሄድኩ? አልሄድኩም። ነፋስ ነበር።

መጋቢት 17፣ ረቡዕ

ለሻለቃው የማደርገውን ንግግር ጻፍኩ። በዐረብኛ። አርባ ዓመት ገበያ ውስጥ የለቃቀምኩት ዐረብኛ ለንግግር ይበቃል ወይ? ይብቃ። መክፈቻው እንዲህ ይላል፦ «አንተ ሰው! ፊትህ የቆምኩት እንደ እስረኛ ሳይሆን እንደ ታሪክ ነው።» መስተዋት ፊት ቆሜ ስለማመድ ለተማርያም በሩን ከፈተች።

«ማንን ነው የምትቆጣው?»

«ሻለቃውን።»

ተቀመጠች። «እስቲ ድገመው።»

ደገምኩት።

«እጅህን አታወዛውዝ፤ የምትለምን ትመስላለህ። ደግሞ መነጽርህን አውልቅ። በመነጽር የተቆጣ ሰው ማን ይፈራል?»

መነጽሬን ካወለቅሁ ማንን እንደምቆጣ አላይም። ይህንን ነገርኳት። «ይሻላል» አለች።

መጋቢት 25፣ ሐሙስ

ኢዳቸውን እስኪያከብሩ ጠበቅሁ። በባዶ አፉ የዋለን ሰው መቆጣት ነውር ነው። ዛሬ ሄድኩ።

ከካምፑ ገበያ ዳር፣ በሸራ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ፊቱን ሳላይ በትከሻው ዐወቅሁት። ትከሻው እንደ ድሮው ነው፤ ላዩ ላይ የነበረው ማዕረግ ብቻ የለም። ፊት ለፊቱ ከሰል፣ ማንቆርቆሪያ፣ በቆርቆሮ የተደረደረ ቅመም። መነጽሬን አወለቅሁ። ቀና አለ።

«ኡስታዝ...» አለ። ማንቆርቆሪያውን አነሣ። «ስኳር ስንት?»

«ሁለት።»

የተናገርኩት ይህንን ነው! ከዚያ ሁሉ ንግግር፣ በንግግሩ ውስጥ የሌለ ቃል። አጭሯ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ብርጭቆውን ሰጠኝ። ቅርንፉዱ ይሸታል። ግማሹን ከጠጣሁ በኋላ ትዝ አለኝ፤ ጾም ነው! ገና ረፋድ ነው! እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምጾም ሰው፣ ማዶ እስር ቤት ሆኜ እንኳ ያልገደፍኩትን ጾም፣ ይኸው ሰው በአንድ ብርጭቆ ሻይ አስገደፈኝ። ከክሴ ላይ እጨምረዋለሁ።

«ወፍረሃል» አለኝ።

«አንተ ከስተሃል።»

«አልሐምዱሊላህ።»

ልጆቹስ? ደኅና ናቸው፤ ሁሉም አብረውት ናቸው። ባለቤቱም። ቤቱ የለም። ይህንን የነገረኝ ሳልጠይቀው አይደለም፤ ጠየቅሁት። ለምን ጠየቅሁት? ልቆጣ ነበር እኮ የመጣሁት።

«ንገረኝ» አልኩት በመጨረሻ። «ሰላይ እንዳልነበርኩ መቼ ዐወቅህ?»

«በሳምንቱ።»

«በሳምንቱ!» ሻዩ ሱሪዬ ላይ ፈሰሰ።

«ግን ሰላይ ያዝኩ ብዬ ለአለቃዬ ጽፌ ነበር። አለቃዬ ለአለቃው ጻፈ። ከላይ ምስጋና መጣ። ምስጋና ከመጣ በኋላ፣ ኡስታዝ፣ እንዴት አድርጌ ልመልሰው?»

እዚህ ላይ መጮኽ ነበረብኝ። ጮኽኩም። አጠገቤ ያሉ ሴቶች ዘወር አሉ። እሱ ጨርቅ አንሥቶ ሱሪዬን ይጠርግ ጀመር፤ እኔ እየጮኽኩ፣ እሱ እየጠረገ። ሰው በዚህ ሁኔታ ብዙ መጮኽ አይችልም።

ከዚያ ያልጠበቅሁትን ነገር ነገረኝ። ያንን ቅጂ ደጋግሞ ይሰማው ነበር። «መጀመሪያ ምስጢር ፍለጋ። በኋላ... እንቅልፍ ይወስደኝ ጀመር። ቤቴ ውስጥ ስድስት ልጆች አሉ፣ ኡስታዝ። ዝምታ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ጥሩ ዝምታ ነው የቀዳኸው።»

ዕድሜዬን ሙሉ በሠራሁት ሥራ እንዲህ ያለ ምስጋና ከማንም አላገኘሁም። ያገኘሁት ካሰረኝ ሰው ነው። ምን ይደረጋል?

ይህንኑ ጽፈህ ፈርምልኝ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ስሙ ያለበት ወረቀት ማን እጅ እንደሚገባ አያውቅም፤ ማዶ የሚዋጉት ሁለት ወገኖች ናቸው፣ ሁለቱም እሱን አይወዱትም። «በአፌ ግን ባልከኝ ቦታ እናገራለሁ። እምቢ አልልም።»

በአፉ... ቃል በነፋስ ይሄዳል። እኔ የምፈልገው ማኅተም ነው።

መጋቢት 28፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ የድሮውን መቅረጫ አውጥቼ ወለወልኩት። አይሠራም። ባሕር ዛፍ ያህል የከበደው ነው፤ በትከሻዬ ተሸክሜው ኩርሙክ መንገድ ላይ በእግሬ የሄድኩበትን ጊዜ አስታወስኩ። ያኔ ሰው ማይክሮፎን ሲያይ ልብሱን ያስተካክል ነበር። ሽማግሌዎች ለድምፃቸው ሲሉ ጥርሳቸውን ይፍቁ ነበር። አሁን ሁሉም ስልኩን አፉ ላይ ደቅኖ እያኘከ ያወራል...

ማዶ እስር ቤትም ይህንኑ ሥራ አልተውኩም። ማታ ማታ፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ፣ እስረኞቹ፣ «ኡስታዝ፣ ዜና!» ይሉኛል። ቆሜ አነባለሁ። ምን ዜና አለ? ምስሩ ዛሬ ድንጋይ እንደነበረው፤ ወፍራሙ ዘበኛ ጫማው እንደተቀደደ። በመጨረሻ የአየር ጠባይ፦ «ነገም እዚሁ እንውላለን።» ያን ያህል የሣቀልኝ አድማጭ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላገኘሁም።

የታየችን መርዶ የሰማሁት በአንዱ እንዲህ ባለ ምሽት ነው። ዜናውን ካነበብኩ በኋላ።

ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

ጎረቤቴን ዓዲላን አማከርኩ። የበርታ ሽማግሌ ነው፤ ድንበሩ ግራና ቀኝ ያለ ዘመድ ሲጣላ የሚያስታርቀው እሱ ነው። ፍርድ ቤት ሲሄድ ያየው ሰው የለም።

«ወረቀት ተወው፣ ኡስታዝ። ይህ ወሬ የት ነው የተወራ?»

«ማዶ ገበያ ላይ። ፍርዱን በድምፅ ማጉያ አነበቡት። ነጋዴዎቹ ወደዚህ ይዘውት መጡ።»

«እንግዲህ ገበያ ላይ ይናገር። ሰው ሁሉ ይስማ። እኛ እንደዚህ ነው የምናደርገው። ያ ገበያ ዛሬ ተዘግቷል፤ የአሶሳ ይሁን።»

«ገበያ ማኅተም የለውም።»

ለተማርያም ከጓዳ ሆና ሰማች። «ዕድሜ ልክህን በአየር ላይ ስታወራ ኖረህ፣ ዛሬ ያለ ወረቀት አላምንም ትላለህ?»

ዓዲላ ሣቀ። «ሚስትህ እሱ ጎበዝ ነው!» ለተማርያም እሱ መባሏን ትወደዋለች፤ ለዓዲላ ሁልጊዜ ትልቁን ብርጭቆ ትሰጠዋለች።

አንድ ነገር ግን አስጠነቀቀኝ። «ሻለቃው ሲጨርስ አንተ ትመልሳለህ። አለፍኩ ትላለህ፤ ይቅር አልኩ ማለት ነው። ሰው መሐል ገበያ ቆሞ፣ ራሱን አዋርዶ፣ መልስ ካላገኘ በጣም መጥፎ ነው።»

እሺ አልኩ። አንድ ቃል ነው። ለአንድ ቃል ማን ይቸገራል?

ሚያዝያ 12፣ እሑድ

ፋሲካ። ዶሮው ጨው በዝቶበታል። እንደ ለተማርያም አባባል ጥፋተኛው እኔ ነኝ፤ ስትጨምር ስለ ሻለቃው አውርቼባታለሁ። ይግባኝ አላልኩም።

ሚያዝያ 18፣ ቅዳሜ

ሳይረሳኝ ልጻፍ።

ሐኒ ለሻለቃው ከካምፕ የመውጫ ፈቃድ አስጨርሳለት በጠዋት መጣ። ነጭ ጀለቢያ፣ ታጥቦ የተተኮሰ። ዓዲላ መሐል ገበያውን አስከፈተ። ሻለቃው ከፍ ብሎ እንዲታይ ብኸይታ የማንጎ ሣጥኗን ገለበጠችለት። «ቀስ ብለህ ቁም! አጠገብህ ማንጎ አለ!»

ሰው ተሰበሰበ። አድማጭ ብቻ አይደለም፤ ገዢም ነው። ከጀርባዬ አንዲት ሴት በሽንኩርት ዋጋ ትከራከር ነበር።

ሻለቃው በዐረብኛ ተናገረ። ዓዲላ በበርታ፣ ቀጥሎ በአማርኛ ተረጎመው። «ይህ ሰው ሰላይ አልነበረም። እኔ ዐወቅሁ። ዝም አልኩ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ይኸው ነው። እኔ ለይግባኜ ስምንት ገጽ ጽፌ ነበር።

ገበያው ዝም አለ። የሽንኩርቷ ሴት ሳትቀር። እንዲህ ያለ ዝምታ... ከዚያ ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ ለጎረቤቱ እንደሚያወራ፣ ግን ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ፣ «የማዶ ሻለቃ እዚህ ድረስ መጥቶ ሰላይ አይደለም ካለ...»

«እ?»

«በጣም ትልቅ ሰላይ ነው ማለት ነዋ!»

«ኧረ ነው!» አለ ገበያው። የስምምነት ጉምጉምታ። ፈንታ ማጨብጨብ ጀመረ። ከወጣቶቹ አንዱ፣ «ጋሼ፣ ማዕረግዎ ምን ነበር?» ሲል ጠየቀኝ፤ በፍጹም አክብሮት።

ዓዲላ ዘንጉን አነሣ። «ጸጥ! ኡስታዝ፣ መልስ።»

አፌን ከፈትኩ። የመብራት መጥፋት፣ የጎርፍ፣ የሞት ዜና ያነበብኩበት አፍ ነው። አንድ ቃል አልወጣም። ሻለቃው ሣጥኑ ላይ ቆሞ ያየኛል። ታየች መጣችብኝ። በሳምንቱ ያውቅ ነበር። በሳምንቱ ቢናገር ኖሮ...

«ቀጠሮ ይሰጠኝ» አልኩ።

ገበያው በሣቅ ተናወጠ። ዓዲላ ብቻ አልሣቀም። «ገበያ ቀጠሮ የለውም!»

ሻለቃው ቀስ ብሎ ከሣጥኑ ወረደ። የተቀየመ አይመስልም። በአጠገቤ ሲያልፍ፣ «እኔ ስንት ቀጠሮ ሰጥቼሃለሁ» አለኝ። «አንዴ ብትሰጠኝ ምን አለበት? ለቅዳሜ እመጣለሁ።»

ሚያዝያ 19፣ እሑድ

ዓዲላ ሰላምታ ነሣኝ። በአጥሩ በኩል ፍየሉን ሰላም ብሎ እኔን አለፈኝ።

ለተማርያምም ዝም ብላለች። ከዓዲላ ይብሳል።

እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ? አንድ ሰው ኩራቱን አውልቆ ገበያ መሐል ሲቆም፣ እኔ እንደ ፍርድ ቤት ቀጠሮ... የገዛ ፍርዴ ተነበበልኝ፤ አልረካሁም። ምን ጎደለ? የሚጎድለውን ባውቅ እናገረው ነበር።

ሚያዝያ 21፣ ማክሰኞ

ሐኒ ቤት ድረስ መጣች። ቅዳሜ ገበያ ላይ የሰሙትን ሰዎች ስም ይዛለች፤ ሻለቃው ካልፈረመ የሰሙት ይፈርማሉ፣ ማዶ ፍርድ ቤት የቆመ ቀን እናቀርበዋለን አለች። «ጉዳዩ አልሞተም ጋሼ። ጊዜ ይፈጃል እንጂ።» ብልህ ልጅ ናት። አመሰገንኳት። ማንጎ በፌስታል ሞልቼ ሰጠኋት፤ እንደ ወርቅ አቅፋው ሄደች።

ግን ልቤ ያው ነው። ለተማርያም ጎመን እየቀነጠሰች አየችኝ።

«አሁንስ ምን ቀረህ? አገር ሰማ።»

«ታየች አልሰማችም።»

እጇ ቆመ። ከዚያ ተቆጣች፤ በእውነት ተቆጣች። «ታዲያ ሰውዬውን ሣጥን ላይ ምን ሰቀለው? ባምባሲ አትወስደውም ነበር?»

እንዴት አላሰብኩትም? ይህንን ያህል ወረቀት ስጽፍ...

ወደ ዓዲላ ሄድኩ። ፍየሉን ትቶ ሰማኝ። ጢሙን ብዙ ጊዜ ዳሰሰ። «የሞተ ሰው ምስክር አይሆንም» አለ። «ግን እኅትህ ምስክር አይደለም። ተበዳይ ነው። ተበዳይ ይስማ። እኔም እመጣለሁ፤ አንተን ብቻህን አላምንም።»

ሚያዝያ 25፣ ቅዳሜ

ባምባሲ። አራት ሆነን ሄድን፤ ሻለቃው፣ ዓዲላ፣ ለተማርያም፣ እኔ። ሐኒ ፈቃዱን ወደ ባምባሲ አስቀይራለታለች፤ ከመምሸቱ በፊት ካምፕ መግባት አለበት።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የኔ ሐሳብ ሌላ ነበር፤ ዘበኛው ምን ይል ይሆን ብዬ። ሻለቃው ማንም ሳይነግረው ጫማውን አወለቀ። ዓዲላም አወለቀ። ዘበኛው አንዴ እነሱን፣ አንዴ የኔን ጫማ አየ። «አንተስ?» አለኝ። አወለቅሁ።

የታየች መቃብር ከባሕር ዛፉ ማዶ ነው። ሣር በቅሎበታል። ለተማርያም ሣሩን ነጨች። ሻለቃው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆመ፤ ጀመረ። በዐረብኛ።

አንድ አረፍተ ነገር እንደተናገረ ለተማርያም በክርኗ ነካችኝ። «ታየች ዐረብኛ ታውቃለች እንዴ?»

አታውቅም። ዓዲላን አየሁት። ዓዲላ ወደ ሰማይ አየ። እንግዲህ መተርጎም የኔ ሆነ። የስንቱን ሰው ቃል በስንት ቋንቋ ሳስተላልፍ የኖርኩ ነኝ፤ የገዛ ነፃነቴን ግን ተርጉሜ አላውቅም።

«ይህ ሰው ሰላይ አልነበረም ይላል» አልኩ። ድምፄ የሬዲዮ ድምፅ ሆነብኝ። አቆምኩ። «ይህ ሰው ያለው... እኔን ነው፣ ታየች።»

ሻለቃው ቀጠለ። ቀጠልኩ። ያውቅ እንደነበረ። ዝም እንዳለ። እኔ የምትለዋን ቃል እሱ፣ እሱ የምትለዋን ቃል እኔ እያልኩ፣ ማን ማንን እንዳሰረ ተምታታብኝ። መሐል ላይ አቆምኩ። ጠበቁኝ።

ከዚያ ሻለቃው ያልተስማማንበትን ነገር ጨመረ። «ንገራት፤ ጥሩ እስረኛ ነበር። ብቻ በጣም ያጉረመርማል። ምስሩን፣ ብርድ ልብሱን፣ የደብዳቤያችንን አጻጻፍ ሳይቀር ይነቅፍ ነበር። ዘበኞቼ አንድ ሳምንት እረፍት ጠየቁኝ።»

«ምን አለ?» አለች ለተማርያም።

«ጥሩ ሰው ነበር ይላል።»

«ረዥም ነገር ነው እኮ የተናገረው።»

«ዐረብኛ ረዥም ቋንቋ ነው።»

ዓዲላ አጎንብሶ የሚስል መሰለ። ሲስል ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ተራዬ እንደሆነ ማንም አልነገረኝም። ወደ ሻለቃው ዞርኩ፤ መነጽሬን አላወለቅሁም፤ ደኅና አድርጌ አየሁት። ሽበት አብቅሏል። ሁለታችንም ሸምግለናል።

«አለፍኩ» አልኩት።

በአማርኛ ነበር፤ አልገባውም። በዐረብኛ ደገምኩት። ዓዲላ አልበቃውም፤ በሱ ደንብ የሚታሰር ነገር በበርታ ይነገር አለ። በበርታ ተናገርኩ። አጠራሬን አልወደደውም፤ አርሞ እንደገና አስባለኝ። እኔ አንድ ቃል አልወጣ ብሎኝ ሳምንት ሙሉ የተሠቃየሁ ሰው፣ በአንድ መቃብር ፊት አራት ጊዜ ይቅር አልኩ። ሻለቃው በየአንዳንዱ ራሱን ዝቅ አደረገ፤ በአራተኛው ዓይኑን በጀለቢያው እጅጌ ጠረገ። እኔም መነጽሬን ያኔ አወለቅሁ።

ታየች ምን ትል ነበር? «እንግዲያው በር ሥር ቆመህ ያዳመጥከውን ሁሉ ወዴት አደረስከው?» ትል ይሆናል። ይህንን ጥያቄ ለብቻዬ እመልስላታለሁ። የሰማሁትን ሁሉ ለሰው አወራሁት፣ እኅቴ። ሥራዬ ይኸው ነበር።

ሰዓቱ ሄዶ ነበር። የሻለቃው ፈቃድ እንዳያልፍ ወደ መናኸሪያው ጫማችንን በእጃችን ይዘን ሮጥን ማለት ይቻላል፤ ለተማርያም ከፊት። ሚኒባሱ ሊነሣ ነው። ረዳቱ በሩ ላይ ቆሞ ሻለቃውን ከጀለቢያው እስከ እግሩ አየና እኔን ያዘኝ።

«ጋሼ፣ መንገድ ላይ ፍተሻ አለ። ሰውዬው ምንዎ ነው? ለሚጠይቀኝ ምን ልበል?»

አፌ ላይ ብዙ ስም መጣ። ሁሉም ትንሽ ትንሽ እውነት ነበረው፤ በማናቸውም ግን ሰው መኪና ላይ አይሳፈርም።

«ምስክሬ ነው» አልኩት። «መስኮት አጠገብ አስቀምጥልኝ።»